ልጆቻችሁ በቃላቸው ስለሚያቀርቡት ግጥም ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

መጋቢት 12 ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም የግጥም ቀን ብሎ የሰየመው ዕለት ነው። ይህንኑ ምክንያት በማድረግ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎቻችን ቅዳሜ መጋቢት 19 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የሚወዱትን አንድ ግጥም በቃላቸው ያቀርባሉ፤ ለምን እንደወደዱትም ይናገራሉ። የዝግጅቱ ዋና ሥራ የሚሠራው ቤት ስለሆነ እገዛችሁን እንፈልጋለን።

ምርጫው የልጁ ይሁን። ትልቅ ሰው የመረጠለትን ግጥም ሸምድዶ ይወጣዋል፤ «ምን ማለት ነው?» ሲባል ግን ዝም ይላል። 8 ስንኝ ይበቃል፣ ከ16 አይለፍ። የግድ ከመጽሐፍ መምጣትም የለበትም። አያት ካሉ ይጠየቁ፤ እንጉርጉሮ፣ የሠርግ ግጥም፣ ሙሾም ቢሆን ግጥም ነው። ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ የሚመጡ ልጆች ቤታቸው በሚነገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በጉራጊኛም፣ ማቅረብ ይችላሉ፤ ትርጉሙን ብቻ በአማርኛ ያስረዱ።

በአንድ ምሽት ከ2 ስንኝ በላይ አታስጠኑ። ልጆች ሁልጊዜ ከላይ ስለሚጀምሩ መጀመሪያው ይጸናል፣ መጨረሻው ይላላል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ያስጀምሯቸው።

አነባበቡ ላይ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው ትንፋሹን የት እንደሚወስድ ባለማወቅ ነው። ለማሳያ ያዘጋጀነውን እነሆ፦

ዝናቡ ሲመጣ፣ ቆርቆሮው ሲያወራ፣
እናቴ ጀመረች፣ ተረት ከኛ ጋራ።

ይህ የወል ቤት ይባላል፤ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ምት ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት፤ ማረፊያውም በመካከላቸው ነው። ምቱ በጆሮ እንጂ በፊደል አይቆጠርም፤ «ቆርቆሮው» 5 ፊደል ነው፣ ሲነገር ግን 3 ምት ብቻ (ቆር-ቆ-ሮው)። ልጁ «እናቴ» ያለውን «እናታችን» ቢለው አንድ ምት ይተርፍና ስንኙ ያነክሳል። ከቴሌግራም የተቀዳ ግጥም ላይም ስህተት የሚታወቀው በዚሁ ነው፦ ምቱ ሲሰበር ወይም ቤት የሚመታለት ጓደኛ ያጣ ስንኝ ሲገኝ ቃል ተቀይሯል ወይም መስመር ተዘሏል ማለት ነው። ከመጽሐፉ ጋር ያመሳክሩት፤ መጽሐፉ ከሌለ ለአማርኛ መምህሩ ይላኩት።

ሁሉንም ግጥም እንደ ፉከራ ማስጮኽ ይቅር። ለስለስ ያለ ግጥም በጩኸት ይሞታል፤ የልጁም ድምፅ ከአራተኛው ስንኝ በኋላ ይሰልላል።

ከሁሉ በላይ የምንለምናችሁ «ለምን ወደድኩት» የሚለውን እንዳትጽፉላቸው ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ የራሳቸው ከሆነ። «ስትለው ምን ይታይሃል?»፣ «ለማን ብታነቢው ደስ ይልሻል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ጠብቁ። «አባዬ ማታ ሲመጣ ያስታውሰኛል» ያለች ልጅ በቂ መልስ ሰጥታለች። አያት ያለቀሱበትን ሙሾ የልጅ ልጅ ዜማውን ብቻ ወድዶት ሊሆን ይችላል፤ አታርሙት፣ ሁለቱም ግጥሙን ሰምተውታል። ሰምና ወርቅ ያለበት ከሆነ ልጁ መጀመሪያ ሰሙን በደንብ ያስረዳ፤ ወርቁ ላይ አብራችሁት ድረሱ።

የግጥሙን ርዕስና የገጣሚውን ስም እስከ መጋቢት 5 ለክፍል ኃላፊ መምህር አሳውቁ። ገጣሚው የማይታወቅ ከሆነ «የቃል ግጥም» ብላችሁ ከማን እንደተሰማ ጻፉ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር