ስፔሰር ለምታስገቡና ጎማ ለምትቀይሩ

ሰላም አባላት፣

ትንሿ ትራክተራችሁ ተዳፋት ላይ ዘመም እያለች የምታስደነግጣችሁ ከሆነ፣ የኋላ ጎማዎቹን በስፔሰር (በጎማውና በሚታሰርበት ቦታ መሃል በሚገባ ወፍራም ብረት) ወደ ውጭ ማውጣት በደንብ ያረጋጋታል። ስፔሰሩ የሚያርፍበትን ቦታ ግን በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት። ዝገት ወይም ቀለም መሃል ከገባ፣ የጠበቀ የመሰላችሁ ዳዶ ሥራ ላይ ይላላል። ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ በመስቀለኛ እሰሩ። ጥቂት ሰዓት ከሠራችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹ፤ ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላታል።

ፎር ዊል (ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚነዳ) ከሆነች የፊትና የኋላ ጎማዎቹ መጠን ከካምቢዮው ጋር ተመጣጥኖ የተሠራ ነው። የኋላውን ብቻ በትልቅ ከቀየራችሁ፣ ደረቅ መሬት ላይ ጎማውም ጥርሳጥርሱም ይበላል። ጥርሱ ጥልቅ የሆነ የእርሻ ጎማ ጭቃ ላይ አንደኛ ነው፤ ሣር ላይ ግን ጉድ ይሠራችኋል።

የፊት ስፔሰር? እኔ አልመክርም። ኩሽኔታና መሪ ላይ ጫና ይጨምራል።