ፍላሹን በመንገደኛ ልኬልሃለሁ

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው። እዚህ ብርዱ ጀምሯል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ መንገደኛ አንድ ትንሽ ፍላሽም ይሰጥሃል። የአውራ ጣት ጥፍር ነው የሚያክለው። ከደም ግፊት መድኃኒትህ ጋር በአንድ ፌስታል አድርጌዋለሁ፤ ስትፈታው እንዳይወድቅብህ። ውስጡ 42 ዘፈን አለ። ታናሼ ለፋሲካ የገዛችልህ ሬዲዮ ጎኑ ላይ ማስገቢያ አለው፤ እዚያ ነው የሚሰካው። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን ድምፄ አልሰማ እያለህ «እ? ምን አልሽ?» ስትለኝ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ጻፍኩት። መነጽርህን አድርገህ ቀስ ብለህ አንብበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ መኪና ውስጥ ሬዲዮ እከፍታለሁ። እዚህ ዋሽንግተን 89.3 ላይ ደብሊው ፒ ኤፍ ደብሊው የሚባል ጣቢያ አለ። አድማጮቹ እያዋጡ ነው የሚያኖሩት። ከአቅራቢዎቹ ብዙዎቹ ያለ ደሞዝ፣ ለሙዚቃው ፍቅር ብለው የሚሰሩ ናቸው። በ1977 ስርጭት ሲጀምር መጀመሪያ ያሰማው የጃዝ ሙዚቀኛውን የዱክ ኤሊንግተንን «ቴክ ዘ ኤ ትሬን» ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ፤ እንዳይምታታብህ።) ኤሊንግተን እኮ የዚሁ የዋሽንግተን ልጅ ነው! በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ጃንሆይ ኒሻን የሸለሙት፣ አንተ «እዚያው ከተማ ሆኜ ሳላየው ቀረሁ» እያልክ የምትቆጭበት ሰውዬ። በጠዋት በምነዳበት ከተማ ነው ተወልዶ ያደገው።

ከዚህ ሌላ በስልኬ የማዳምጠው አንድ ቅይጥ ፕሮግራም አለ። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን አልረሳውም። ሊነጋጋ ሲል ነው፣ ዝናብ ያካፋል። አንድ ብሉዝ አለቀ። ቀጥሎ ባንጆ መጣ። ቀጥሎ ትራምፔት። አቅራቢው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ሳላስበው የጂም ሪቭስ ድምፅ፣ ያ የአሜሪካ ገጠር ዘፈን፣ ካንትሪ! መኪናዬን ዳር አስያዝኩና ዘፈኑ እስኪያልቅ ቁጭ አልኩ። ያንተን ሳሎን ነው የሰማሁት።

ያ ሬዲዮ ትዝ ይልሃል? እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የሰራችው ዳንቴል ከላዩ የማይጠፋው። አንቴናው ቢሰበር ሽቦ ቀጥለህለት፣ ሽቦውን በመስኮት አውጥተህ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ያሰርከው። ድንጋዩ ሲደክም በረንዳው ላይ ፀሐይ ታሰጣዋለህ። እኛ ዶሮ እንዳይነካው እንጠብቃለን። ማታ ቁልፉን በሁለት ጣትህ ይዘህ፣ ጆሮህን አስጠግተህ፣ በስሱ ታዞረዋለህ። ይንሿሿል፣ ያፏጫል፣ ከዚያ ሙዚቃ ይመጣል። የየት አገር ነው፣ የምን ዓይነት ነው ብለህ አትመርጥም። ደስ ካለህ እጅህን ከቁልፉ ላይ ታነሳለህ። አለቀ።

እኔ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። «ይሄን የፈረንጅ ለቅሶ ዝጋልን» እልህ ነበር። አንተ አትቆጣም። «የነሱ ትዝታ እኮ ነው» ትለኝና ድምፁን ትቀንሳለህ። ድምፁን መቀነስህ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። ይቅርታ አባዬ።

ለሥራ አስመራ በሄድክበት ጊዜ ከቃኘው ስቴሽን፣ ከአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር ሬዲዮ፣ ካንትሪውንም ጃዙንም ሶሉንም ስትሰማ ታመሽ እንደነበር ነግረኸናል። እንግሊዝኛም ከጂም ሪቭስ ተማርኩ ትላለህ። አንድ ነገር ልንገርህማ፦ ሰውየው ከመታወቁ በፊት ሬዲዮ አቅራቢ ነበር! ለዚህ ነው እያንዳንዱ ቃል እንደዚያ ጥርት ብሎ የሚሰማው። ሲዘፍን ማይክሮፎኑን ከከንፈሩ አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። በ1964 በአርባ ዓመቱ፣ ራሱ በሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ናሽቪል አጠገብ ወድቆ ሞተ። ቁጥር 1 ላይ ያደረግኩት እሱን ነው።

ዘፈኖቹን በቅደም ተከተል ያስገባልኝ ትልቁ ልጄ ነው። ካንትሪው ጋ ስንደርስ «እማ፣ ይሄ የነጮች ነው፤ ከብሉዙ ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ። ደነገጥኩ። ለካስ ልጄም እንደዚህ ነው የሚያስበው። ቁጭ አድርጌ ያነበብኩትን ሁሉ አወራሁት። ላንተም ልንገርህ፣ ምክንያቱም አንተ ሳታነብ የደረስክበት ነገር ነው።

የለያዩዋቸው ሸክላ ሻጮቹ ናቸው። በ1920ዎቹ ኩባንያዎቹ የጥቁሮቹን ሸክላ በአንድ መዝገብ፣ የደቡብ ነጮችን በሌላ መዝገብ አድርገው ይሸጡ ነበር። ዘፋኞቹ ግን የሚኖሩት ጎን ለጎን ነው። ባቡር ሐዲድ ላይ አብረው ይሰራሉ፣ ዜማ ይቀባበላሉ። ባንጆ ራሱ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ይዘውት የመጡት እውቀት ነው። የድሮው ባንጆ ፊቱ እንደ ማሲንቆ በቆዳ የተወጠረ ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ የነጭ ገበሬ መሣሪያ ይመስለዋል።

ቁጥር 7 ስትደርስ ሥራ ካለህም ተወውና ቁጭ በል። ዲፎርድ ቤይሊ ይባላል። ቴነሲ ውስጥ በ1899 የተወለደ ጥቁር ነው። በሦስት ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ከዚያ በኋላ ቁመቱ ብዙም አልጨመረም። በሀርሞኒካ፣ በዚያች በአፍ በምትነፋ ትንሽ መሣሪያ፣ ባቡር ያስመጣል። ማስመሰል አይባልም፣ ባቡሩ ራሱ ነው የሚመጣው። ከሩቅ ሲነሳ፣ ፍጥነት ሲጨምር፣ ሲያፏጭ፣ ርቆ ሲጠፋ። ሰማሁትና ድሬዳዋ ያደግክበትን ቤት አሰብኩ፤ አያቴ ከምድር ባቡር ሥራ ሲመለስ፣ አንተ ከፉጨቱ ባቡሩን ስትለይ። አንተ ስትሰማው ደግሞ ምን እንደምትል በጣም ጓጉቻለሁ።

ቤይሊ ናሽቪል ውስጥ ደብሊው ኤስ ኤም በሚባለው ሬዲዮ ቅዳሜ ማታ ይጫወት ነበር። ያ ፕሮግራም ዛሬ በዓለም ላይ ካንትሪ ሲባል መጀመሪያ የሚጠራው ግራንድ ኦል ኦፕሪ ነው። ስሙ የወጣለት በ1927 ነው። ከእሱ በፊት ጣቢያው ታላላቅ ኦፔራ ሲያሰማ ቆይቶ ነበርና አቅራቢው በኦፔራው ስም ቀልዶ «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» አለው። ያን ምሽት የቤይሊ የባቡር ዜማ ነው የተሰማው። አየህ፣ የካንትሪ ትልቁ ቤት ስም ሲወጣለት በሩ ላይ የቆመው ጥቁር ሰው ነበር። ከነጮቹ ጋር ለዝግጅት ሲዞር ግን እነሱ ያደሩበት ሆቴል አያስገባውም፣ የበሉበት ምግብ ቤት አያስተናግደውም። በ1941 ከፕሮግራሙ ተባረረ። ከዚያ በኋላ ናሽቪል ውስጥ ጫማ እየጠረገ ኖረ። በ1982 ሞተ። የካንትሪ ታላላቆች መዝገብ ውስጥ ስሙ የገባው በ2005 ነው፤ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ። ልጄ ይህን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «ቁጥር 7ን መልሺው» አለኝ።

ቁጥር 8 ደግሞ የጂሚ ሮጀርስ ነው። የካንትሪ አባት የሚሉት የሚሲሲፒ የባቡር ሠራተኛ ነው። በ1930 ሆሊውድ ውስጥ «ብሉ ዮደል ቁጥር 9»ን ሲቀዳ ትራምፔት የነፋለት ማን መሰለህ? የጃዙ ሉዊ አርምስትሮንግ! ፒያኖውን የአርምስትሮንግ ሚስት ሊል ናት የመታችው። አንድ ሸክላ ላይ ካንትሪውም ብሉዙም ጃዙም አለልህ። የትኛው መዝገብ ውስጥ ነው የሚገባው? ሮጀርስ የሳንባ ነቀርሳ ነበረበት። በ1933 ለመጨረሻ ጊዜ ሲቀዳ በዘፈንና በዘፈን መካከል አልጋ ላይ ጋደም እያለ ነው የጨረሰው። ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ፤ 35 ዓመቱ ነበር።

የሬይ ቻርልስ የካንትሪ ዘፈኖችም አሉበት፤ እነሱን ታውቃቸዋለህ፣ አላወራልህም።

የጆን ሊ ሁከርን ብሉዝ ግን ሆን ብዬ ከሙላቱ አስታጥቄ ቀጥሎ ነው ያስገባሁት። ሁከር ጊታርና የእግሩ ምት ብቻ ነው ያለው። የዘፈኑን ቤት ሲፈልግ ያስረዝመዋል፣ ሲፈልግ ያሳጥረዋል፤ ልክ እንደ አዝማሪ ነው፣ ስሜቱን እንጂ ልክ አይቆጥርም። ሙላቱ ደግሞ ቦስተንና ኒውዮርክ ሄዶ የኛን አምስት ድምፅ ከጃዙ ጋር አስታረቀልን። አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር ጆሮዬ አልደነገጠም። «የነሱ ትዝታ» ያልከኝ ያኔ ገባኝ። ከነሱ ቀጥሎ ያለው የበዛወርቅ አስፋው ትዝታ ነው።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። በምሠራበት የአረጋውያን ቤት አንድ 91 ዓመት የሆናቸው አዛውንት አሉ። የዌስት ቨርጂኒያ የተራራ ሰው ናቸው። የልጆቻቸውን ስም ረስተዋል። እኔንም በየቀኑ «አንቺ ማነሽ?» ይሉኛል። አንድ ሌሊት ስልኬን ትራሳቸው አጠገብ አድርጌ ባንጆ ከፈትኩላቸው። ፊታቸው አልተለወጠም። ግን የቀኝ እጃቸው ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሐል ጣት፣ እንደገና አውራ ጣት። ስሟን የረሱት ልጃቸው በማግስቱ ስትመጣ ነገርኳት። «አባቴ እኮ ባንጆ ይጫወት ነበር» ብላ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ይህን ፍላሽ መሙላት የጀመርኩት የዚያን ቀን ማታ ነው።

አሁን ሬዲዮው። በግራ ጆሮህ ስለማትሰማ በቀኝህ በኩል አስቀምጠው። ኤም የሚል የተጻፈበትን ቁልፍ አንዴ ጫን ስትለው ወደ ፍላሹ ይሄዳል፤ ደጋግመህ አትጫነው፣ ወደ ኤፍኤም ይመለስብሃል። ቁጥሩ መስኮቱ ላይ ይታያል። ማታ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ እንዳያድር። ካስቸገረህ የጎረቤት ልጆችን ጥራቸው። ድምፁንም ደስ እስኪልህ ድረስ ጨምረው፤ ማንም ቀንስ አይልህም።

ቅዳሜ በእናንተ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንደውላለን። ልጄ ስለ አስመራው ሬዲዮ ሊጠይቅህ ጥያቄ ጽፎ ይዟል። አማርኛው ሲያጥረው በጂም ሪቭስ እንግሊዝኛ መልስለት። ቁጥር 7ን ከፍተህ ስልኩን አጠገቡ አድርገውና አብረን እንስማው።

በደህና ያገናኘን።

ልጅህ