ርካሽ ነው አትበይ

ግንፍሌ፣ አራት ኪሎ

ሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ከቦሌ ግንፍሌ ስንት መንገድ ነውና ደብዳቤ ትጽፋለህ እንደምትይ አውቃለሁ። ፊት ለፊት ስናወራ አንቺ ትቆጫለሽ፣ እኔም ድምፄ ከፍ ይላል፣ ቡናው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጻፍኩት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አጎትሽ ትናንት ማታ ከቶሮንቶ ደወለ። ሦስት ሺህ ዶላር እንዳበደረሽ ነገረኝ። «አደራ እንዳትቆጣት» ብሎኛል። አልቆጣም። ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ደሞዝሽ በዶላር ነው። የምትኖሪው አዲስ አበባ ነው። ገና ስድስት ወርሽ ነው። ታዲያ ብድር ከየት መጣ? ሳስበው ሳስበው አንድ ነገር ላይ ደረስኩ። ከመጣሽ ጀምሮ ከአፍሽ የማይጠፋ ቃል አለ። ታክሲው ርካሽ ነው፣ እራቱ ርካሽ ነው፣ ጸጉር ቤቱ ርካሽ ነው። ልጄ፣ ርካሽ ነው አትበይ።

አንቺ እኮ በኒዶ ጣሳ 25 ሳንቲም የምታጠራቅሚ ልጅ ነበርሽ። አያትሽ እማማ የሰጠችሽን ሁሉ እዚያ ትከቺ ነበር። ቶሮንቶ ስትሄጂ 9 ዓመትሽ ነበር፤ ጣሳውን አደራ ብለሽኝ ነው የሄድሽው።

አሁን ዋጋ ሲነገርሽ ወዲያው በልብሽ ወደ ዶላር ትመነዝሪና «ይሄማ ምን አላት» ትያለሽ። ለአንድ ጊዜ እውነትሽን ነው። ግን በቀን አራት ጊዜ ነው። ደግሞ ከሱፐርማርኬት የምታመጪው አይብ፣ የቁርስ እህል፣ ሻምፖ፣ ሁሉም ከውጭ የመጣ ነው። እሱ ካገርሽም ዋጋ ይብሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ሳምንታት ሳይቆይ መቶን አለፈ። ዶላር ያለው ሁሉ የከበረ መሰለው። ዘይቱም ጤፉም ኪራዩም ተከትሎት ወጣ።

ኪራይ ካነሳሁ አይቀር። የስድስት ወር ቅድሚያ መክፈልሽን ከአክስትሽ ልጅ ሰማሁ። ለዚያውም በዶላር፣ ለዚያውም በቃል! በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም ይላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ይመዝገብ ይላል። ሰውዬው በፈለገው ወር ተነስቶ ጨምሪ ሊልሽ አይችልም። «ከቶሮንቶው ኪራይ ሲታይ ርካሽ ነው» አልሽ አሉ። ኪራዩን ከቶሮንቶ ጋር ሳይሆን ከጎረቤትሽ ጋር አስተያዪው። ፎቅሽ ላይ ያሉትን ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቂያቸው።

የምቆጣሽ እኔም ያው ስለነበርኩ ነው። ይህን ለእናትሽም አልነገርኳትም።

አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጁባ የውሃ ቦቴ እነዳ ነበር፣ ደሞዜም በዶላር ነበር። በ2002 ክረምት ለእረፍት መጣሁ። የእማማ ቤት፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ሰማያዊዋን ሳፋ ከአልጋዋ ግርጌ ታስቀምጣለች። ሳፋዋን ታስታውሻታለሽ፣ አንቺንም ያጠበችሽ በእሷ ነው። አንድ ማታ ጠብ ጠብ ሲል እየሰማን «ልጄ፣ እስቲ ሦስት አራት ቆርቆሮ» አለችኝ። «እማዬ፣ ቆርቆሮ ምን አላት፣ ርካሽ ነው፣ ባሰኘሽ ቀን አስመታልሻለሁ» አልኳት።

ነሐሴ 26 ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ ዝቅ አደረገ። 13 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር በአንድ ጊዜ 16 ብር አለፈ። ኪሴ ያለው ገንዘብ ተኝቼ ባደርኩበት የወለደ መሰለኝ። በዚያው ሳምንት ጓደኞቼን ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሥጋ ቤት ሰብስቤ ጋበዝኩ። በማግስቱም ጋበዝኩ። ሂሳብ ሲመጣ በጁባ ዋጋ እያሰላሁ እስቅ ነበር። መስከረም ላይ ስመለስ የመንገዴን ተበድሬ ነው የሄድኩት። ቆርቆሮው አልተገዛም።

በሚቀጥለው ሐምሌ እማማን ደረቷን አመማት። ለቀብሯ አልደረስኩም። ዝናቡ ገደላት አልልም። ግን ጎረቤቶቿ ሳፋዋ ያኔም ከአልጋዋ ግርጌ እንደነበረች ነገሩኝ። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ሄጄ ቆሜ አየሁ። ጣሪያው ሲነሳ ያው የድሮው የዛገ ቆርቆሮ ነው።

ሚጣዬ፣ ቆርቆሮው ውድ ቢሆን እገዛው ነበር። ውድ ቢሆን አስብበት ነበር፣ አጠራቅምለት ነበር፣ ቀን እቆርጥለት ነበር። ርካሽ ስለነበር ዘለልኩት። ለዚህ ነው ርካሽ ነው አትበይ የምልሽ።

በይ አሁን የምልሽን አድርጊ። ባንክ ሄደሽ የዳያስፖራ ሂሳብ ክፈቺ። ደሞዝሽ እዚያ በውጭ ምንዛሪ ይቀመጥ። በወሩ መጀመሪያ የወር ወጪሽን ብቻ መንዝሪ፤ ካለቀ አለቀ፣ ቀሪውን ቀን ሽሮ ብዪ። የመመለሻ ቲኬትሽን ገንዘብ አትንኪ፣ እኔ ብታመም እንኳ አትንኪ። አጎትሽ እንዳለኝ የኦንታሪዮ የጤና መድን በ12 ወር ውስጥ 153 ቀን እዚያ መገኘት ይጠይቃል። ቀኑን ቆጥረሻል? እዚህ ደግሞ በዓመት ከ183 ቀን በላይ ከቆየሽ ለግብር እንደ ነዋሪ ትቆጠሪያለሽ። ሂሳብ የሚያውቅ ሰው አማክሪ። ቢጫ ካርድሽንም፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቶሎ ጨርሺ፤ እሱ ካለሽ ቪዛም የሥራ ፈቃድም አያስፈልግሽም።

ለእኔም መግዛት አቁሚ። ካፖርቱ ያምራል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለቤተ ክርስቲያን ለብሼዋለሁ። ግን ከአጎትሽ በተበደርሽው ገንዘብ ከሆነ ብርዱ ይሻለኛል። ብድሩን በየወሩ ቆርጠሽ ላኪለት። የመጀመሪያውን ከእኔ ጡረታ እንጨምርበታለን፣ እንዳትከራከሪኝ።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ነይ። ቁርስ እንዳትበዪ፣ ፍርፍር አሠራለሁ። ከዚያ አብረን ወደ እሑድ ገበያ እንወርዳለን፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትገዢ ዝም በዪ፣ እኔ ልነጋገር። የከፈልሽበትን ደረሰኝ፣ ምንም ወረቀት ካለሽ፣ ሁሉንም ይዘሽ ነይ። ደብተርም ያዢ። የኒዶ ጣሳሽ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው፣ አልከፈትኩትም።

አባትሽ