ፀሐይዋን ሳይወስዱብን

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የደብረ ብርሃን ብርድም ደህና ነው፤ አልቀነሰም።

ሦስት ዓመት ያልጻፍኩልህ አፍሬ ነው። የአባትህን የጋሼን ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። ምክንያት ነበረኝ፤ ግን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምክንያቱን ማን ይሰማዋል? ይቅር በለኝ።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ የጋሼ ሱቅ ነው። ደላላ እህትህ ጋ ሁለቴ ተመላልሷል አሉ። አንድ ባለሀብት ሱቁን ከጎኖቹ ጋር ጠቅልሎ ጂ ፕላስ ፋይቭ ሊያቆም ነው። መንገዱ ታች ጫፍ ላይ አንዱ አልቋል፣ ሰማያዊ መስታወት ለብሶ። መሠረቱ ሲቆፈር የጎረቤቱ የድንጋይ ግንብ ተሰነጠቀ። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው፤ ከሥሩ አፈር ሲሸሽ ምን ይያዘው? ማዶ ያሉት ሱቆች ደግሞ እስከ አራት ሰዓት ጥላ ውስጥ ናቸው። 2,800 ሜትር ላይ ላለ ሰው የጠዋት ፀሐይ ቀልድ አይደለም።

ጋሼ ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው በርኖስ ሰፊው ደጃፍ ፀሐይ ሊሞቁ ይሻገሩ ነበር፣ ታስታውሳለህ? በእሳቸው ቦታ ፎቅ ከተነሳ የሚጋረደው ያ ደጃፍ ነው።

ደግሞ ፎቁ ውስጥ ማን ይገባል? ምድር ቤቱን ባንክ ይከራየዋል። የመንዝ ባና የምትሸጠዋን ሴትዮ አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን ይወጣላታል?

እውነቱን ለመናገር የመንገዱ አሮጌ ሱቆችም ደህና አይደሉም። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ በርከት ያሉት የቀበሌ ሆኑ። የቀበሌ ቤት ደግሞ የማንም ስለሆነ ማንም አያድሰውም። ጣሪያው ያፈሳል። «አሮጌ ነው፣ ይፍረስ» ሲሉህ አፍህ ይያዛል። የጋሼ ግን የራሳቸው ነው፤ ግንቡም ቀጥ ብሎ ቆሟል።

የቅርስ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 209/1992። ግን መጀመሪያ ቅርስ ተብሎ መመዝገብ አለበት። ቤተ መንግሥት ቢሆን ይቀል ነበር፤ የጨውና የኩራዝ ክር መሸጫን ማን ቅርስ ይለዋል? ተፈራርመን ማመልከቻ አስገብተናል። ከቢሮ ቢሮ ያመላልሱናል። በ2016 ፒያሳ ላይ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ በቴሌቪዥን አይቼ ከንፈሬን መጥጬ ነበር። ከዚያ ራቴን በላሁ።

ፎቅ ጠላሁ እንዳትለኝ። ፋብሪካው በዝቷል፣ ሰው ጎርፏል፣ ከተማዋ የት ትግባ? ጓሮው ሰፊ አይደል? ፊቱን ሳይነኩ ወደ ኋላ ገባ ብለው ሁለት ፎቅ ቢሠሩ እኔው ቀድሜ እመርቃለሁ። «ፕላኑ መንገድ ዳር አጭር ቤት አይፈቅድም» ይሉናል። እሱን እንከራከራለን። አንተና እህትህ ከፈረማችሁ ግን የምንከራከርበት አይኖርም።

ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት አንድ ጠዋት ና። በርኖስ ሰፊው አሉ፤ ዓይናቸው ትንሽ ደክሟል። የጋሼን በርጩማ ሰው አያስቀምጡበትም። ለቅሶውንም ያን ቀን እደርስሃለሁ።

ጃኬት አትርሳ።

ወንድምህ