የብዝኃ ሕይወት ክበብ የ2015 ዓ.ም. ዘገባ፦ የዳጉሳ ዘሮቻችን

የክበባችን ዓመት በመስከረም አልጀመረም። ዳጉሳ በሰኔ ተዘርቶ ከኅዳር ጀምሮ የሚታጨድ በመሆኑ፣ አባላቱ ለክረምት ከመበተናቸው በፊት፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም.፣ ከየቤታቸው ያመጧቸውን 14 የዘር ናሙናዎች ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባለችው ጠባብ ቦታ በየመደቡ ዘራን። በክረምቱ እየተመላለሱ ያረሙት ቤታቸው ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆኑ ስድስት ተማሪዎች ናቸውና የመጀመሪያው ምስጋና ለእነርሱ ነው።

ዳጉሳ ለማዳ ሰብል የሆነው በኢትዮጵያና በኡጋንዳ ደጋማ ቦታዎች አካባቢ እንደሆነና ወደ ህንድ የተሻገረውም ከምሥራቅ አፍሪካ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። በመሆኑም ዘመዶቹ ዛሬም በመንገዳችን ዳር ይበቅላሉ። እናቶቻችን ስፌት የሚሰፉበት አክርማ ከዳጉሳ ጋር አንድ ወገን ነው ብዬ ስናገር ከአባላቱ ያመነኝ አልነበረም፤ የሁለቱን ዛላ ጎን ለጎን አስቀምጠን ካየን በኋላ ግን ክርክሩ ቆመ።

ናሙናዎቹ ሲመጡ አብዛኞቹ «ጥቁር» ወይም «ነጭ» ከመባል በቀር ሌላ መጠሪያ አልነበራቸውም። ዛላው በወጣ ጊዜ ግን በአንድ ስም «ጥቁር» ከተባሉት ውስጥ አንዱ ጣቶቹን እንደ ቡጢ የጨበጠ፣ ሌላው ጣቶቹን ወደ ውስጥ ያጎበጠ፣ ሦስተኛው ደግሞ የተዘረጋ ሆኖ አገኘነው። ብላስት የተባለው የሻጋታ በሽታ ሁለት መደቦችን አንገታቸው ላይ መትቶ ፍሬ አልባ ሲያደርጋቸው፣ አጠገባቸው ያለው መደብ ብዙም አልተነካም። የአንድ ክረምት ምልከታ ያ ዘር በሽታውን ይቋቋማል ለማለት እንደማያበቃ ለአባላቱ ደጋግሜ ነግሬያለሁ። ይሁንና ማሳው ሁሉ በአንድ ዓይነት ዘር ቢሸፈን በሽታው ሁሉንም በአንዴ ሊያጠፋ የሚችለው ለምን እንደሆነ፣ አዳቃይ ተመራማሪዎችም የመቋቋም ባሕርይን ፍለጋ ወደ ገበሬው ዘር የሚመለሱት ለምን እንደሆነ ከማንኛውም ገለጻዬ ይልቅ እነዚያ ሦስት መደቦች አስረድተዋል።

ጥፋቱን መደበቅ አይገባኝም። የመደቦቹ መለያ በካርቶን ላይ በእስክሪብቶ እንዲጻፍ የወሰንሁት እኔ ነበርሁ፤ የሐምሌ ዝናብም አጠበው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በደብተሯ የሣለችው የመደቦች ንድፍ ባይኖር ኖሮ የየትኛው ቤተሰብ ዘር የት እንደበቀለ ባልታወቀም ነበር፤ በንድፉ ላይ ያልሰፈረው የአንደኛው ናሙና ባለቤት እስካሁን አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው ብሔራዊ የዘር ባንክ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው፣ ዘርን አድርቆ በቅዝቃዜ ከማቆየት ጋር የተሰበሰበበትን ቦታ አብሮ የሚመዘግብበት ምክንያት የገባን ያኔ ነው።

የዳጉሳ ፍሬ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ በጎተራም ለዓመታት ይቆያል። ሆኖም በጥር ከየናሙናው መቶ መቶ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ ስናበቅል፣ ያመጣችው ተማሪ እንደነገረችን ዓመታት ያስቆጠረው የአንድ ቤት ዘር፣ ለእንጀራ ምንም የማይወጣለት ሆኖ ሳለ፣ ከግማሽ በታች ብቻ በቀለ። ለመብል የሚበቃ ሁሉ ለዘር አይበቃም።

በሚያዝያ የጋበዝናቸው እናቶች ነጩ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ፣ ጥቁሩ ደግሞ ለጠላና ለአረቄ እንደሚመረጥ አስረዱን። ዳጉሳ በ100 ግራም 350 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም እንዳለውና ይህም ከስንዴ ብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ስንነግራቸው፣ አንዲት እናት አራስ የዳጉሳ ገንፎ የምትበላው ያለ ነገር መስሎን እንደሆነ ጠየቁን። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2023ን የዳጉሳና የመሰሎቹ ደቃቅ ፍሬ ሰብሎች (ሚሌት) ዓመት ማለቱን በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ አንብበናል፤ ከእናቶቹ ንግግር ጋር ሲተያይ ግን ብዙ ሰሚ አላገኘም።

በዚህ ሰኔ ባለቤታቸው የታወቀ 13 ናሙናዎችን መለያቸውን በእርሳስ ጽፈን መልሰን ዘርተናል። ናሙና ሰጥቶን የነበረ አንድ ቤተሰብ የራሱ ዘር ስላለቀበት ከእኛ አንድ ጣሳ ወስዷል።