ቀበቶውን አልሰፋልህም

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሱሉልታ ብርድ ግን እንደምታውቀው ነው። ግቢያችን ውስጥ ለምትሠራት መኪና የመቀመጫ ቀበቶ እንድሰፋልህ ባለፈው በስልክ ለጠየቅከኝ መልሴን በደብዳቤ ያደረግኩት አውቄ ነው። በስልክ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ሁለታችንም ያሸነፍን መስሎን እንዘጋዋለን።

"የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ከመርካቶ ገዝቻለሁ፤ አንቺ ትሰፊልኛለሽ፣ ማሽንሽ ይችለዋል" አልከኝ። ማሽኔማ ይችለዋል። የአይሱዙ ሸራና የታክሲ ወንበር ልብስ ስሰፋበት ነው ያሳደግኩህ። እምቢ የምልህም ሙያውን ስለማውቀው ነው።

መርፌ በገባ ቁጥር ክር ይቆርጣል። ሸራ ላይ ይህ ችግር የለውም፤ ሸራ የሚጠበቅበት ዝናብ መከላከል ነው። ቀበቶ ላይ ግን ስፌቱን ካጠጋጋሁት ቀበቶው ራሱ በስፌቱ መስመር ላይ ይተረተራል። ካራራቅኩት ደግሞ ክሩ ይበጠሳል። ልኩ የቱ ጋ እንደሆነ ፋብሪካዎቹ የሚያውቁት እየጎተቱ፣ እየበጠሱ፣ እየመዘገቡ ነው። እኔ በምን ልጎትተው? በጎረቤታችን በሬ?

ሂሳቡን አንተ ሥራው፤ ፊዚክስ የምትማረው አንተ ነህ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ ቀበቶው ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ1 ቶን ያልፋል። 12 ኩንታል ጤፍ ባንዴ ደረትህ ላይ እንደ መጣል ነው። ይህን የሚሸከም ነገር እኔ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣሁ የምሰፋው አይደለም።

ደግሞ ያ የገዛኸው ቀበቶ ከምን እንደተሠራ ሻጩም አያውቅም። የውድድር መኪና ቀበቶ የሚሠራው ብዙ ከማይለጠጠው ፖሊስተር ነው። ናይለን ከሆነ ይለጠጣል፣ አንተም መሪው ላይ ትደርሳለህ። ማጥበቂያው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሲጫን እያንቋቋ የሚጠብቅ ነው፤ እሳት ቢነሳ በአንድ እጅ ቶሎ ፈተህ አትወጣም።

ሞተሯን የወሰድክባት የቶዮታ ዲኤክሷ የራሷ ቀበቶስ ትለኝ ይሆናል። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦህሊን በ1959 እንደ ፈረንጆች ያወጣው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ አውቃለሁ። ያቺ መኪና ግን እኛ ጋ የመጣችው ተገጭታ ነው። አንድ ጊዜ በግጭት የተጎተተ ቀበቶ ሁለተኛ አይታመንም። ደግሞ አንተ ጣሪያውንም ምሰሶውንም ቆርጠህ ጥለህ፣ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ብቻ ወስደህ አዲስ ሻንሲ ውስጥ ከተትካቸው። ያ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ እንኳ የለም።

እና ምን ይሁን? የእቁብ እጣዬ ደርሷል። ለሳሎኑ ሶፋ የያዝኩት ነበር፤ ሶፋው ይቆይ። አክስትህ ከዱባይ ስትመጣ ባለ ስድስት ነጥብ የውድድር ቀበቶ ይዛ ትመጣለች፤ ተነጋግረናል። የኤፍ.አይ.ኤ.፣ ማለት የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ማኅበር፣ ምልክት ያለው እንዲሆን ነግሬያታለሁ። እንዲህ ያለው ቀበቶ ላይ የሚያበቃበት ዓመት ተጽፏል፤ ጊዜው ያለፈበትን "ቅናሽ ነው" ብለው እንዳይሸጡላት አስጠንቅቄያታለሁ። በጭንህ መካከል የሚያልፈው ማሰሪያ አያስቅህ። እሱ ከሌለ በግጭት ጊዜ ሰውነትህ በወገቡ ማሰሪያ ሥር ሾልኮ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ማሰሪያውም ሆድህ ላይ ይወጣል። የትከሻውን ማሰሪያ ደግሞ ወለሉ ላይ እንዳትቋጥረው። ወደ ኋላ ቀጥ ብሎ፣ ቢበዛ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሂድ። ወደ ታች ከሳበህ አከርካሪህን ነው የሚጫነው።

አሁን ወደ ቅስቱ ልምጣ፤ መኪናዋ ብትገለበጥ እንዲጠብቅህ ከጭንቅላትህ በላይ ወደሚያልፈው ብረት። ሻንሲው ላይ ነገር የለኝም። ካሬ ብረቱን በየቦታው ሦስት ማዕዘን እያደረግክ ስለበየድከው፣ እኔና ታናሽ እህትህ ቆመንበት ንቅንቅ አላለም። የሎተስ መኪና መሥራቹ ኮሊን ቻፕማን በ1957 እንደ ፈረንጆች ያወጣት ሎተስ ሰቨንም እንዲሁ ከቀጫጭን የብረት ቱቦ የተሠራች ናት ብለህ ፎቶዋን ያሳየኸኝ ቀን ነው ልቤ የገባልህ። ለቅስቱ ግን የውሃ ቱቦ አይሆንም። የኤፍ.አይ.ኤ. ደንብ ለዋናው ቅስት የሚጠይቀው መገጣጠሚያ መስመር የሌለው፣ ቢያንስ 45 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ ነው። ወይም 50 በ2። ካሊፐር ይዘህ ሂድ። ሻጩ "ያው ነው" ካለህ ወጥተህ ሂድ።

ዚንክ የተለበጠ ጋልቫናይዝድ ቱቦ በይደህ ሌሊቱን ብርድ ብርድ እያለህ ስትንቀጠቀጥ ያደርክበትን ቀን ረሳኸው? ወባ ነው ብዬ ልሞት ነበር። ለካ የዚንኩ ጭስ ኖሯል። በያጆች ወተት ጠጣ ይላሉ። እዚህ አገር ደግሞ ወተት ሞልቷል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጣሳ ይዞ መጣ። ወተቱ መልካም። የሚሻለው ግን ዚንኩን ፍቆ፣ በር ከፍቶ፣ ጭሱ በማይመጣበት በኩል ቆሞ መበየድ ነው።

ሞተሩ ደክሟል ያልከው እውነት ነው፤ ግን ሌላ ሞተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ ከመውረድህ በፊት አስብ። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። አየሩ ከባሕር ዳር ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለአትሌቶቹ ሱሉልታን የመረጠላቸው ይኸው አየር የአንተን ሞተር ያፍነዋል። ሩብ ያህሉን ጉልበት ሌላ ተመሳሳይ ሞተርም አይመልስልህም። ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን እንደ ቆላ እያፈሰሰ ስለሆነ ነው ጥቁር ጭስ የምታየው፤ ካንዴላውም ጥላሸት የለበሰው ለዚህ ነው። ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ በአነስተኛው ቀይርና እንደገና ሞክራት። ይህን የነገሩኝ ወንበር ልብስ የማለብስላቸው የታክሲ ሾፌሮች ናቸው፤ ከአንተ ዩቲዩብ አያንሱም።

የምትሞከርበትን ቦታ በተመለከተ ብዙ አልናገርም። በጎጃም መንገድ ላይ አይደለም። በሌሊትም አይደለም፣ "ለአንድ ደቂቃ"ም አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ዳር ዳሩን የሚሮጡ የሰው ልጆች አሉ። የተከለለ ሜዳ እስክናገኝ ድረስ ግቢ ውስጥ ትቁም። ባትሪዋን ፈትቼ ከክሮቼ ጋር ቆልፌባታለሁ፤ ለእህትህ ደውለህ አታባብላት፣ ቁልፉ የት እንዳለ እሷም አታውቅም።

የወንበሩን ልብስ ግን እኔው ነኝ የምሰፋው፤ ለማንም አልሰጥም። ወፍራም ስፖንጅ እንዳትጠይቀኝ። ስፖንጁ ሲጨመቅ ሰውነትህ ይሰምጣል፣ ቀበቶውም ይላላል። ቀጭንና ጠንካራ አደርግበታለሁ። ለቀበቶው ማለፊያ ቀዳዳዎቹን እንድተው ልክህ ያስፈልገኛል። ጠንካራ ወንበር ላይ ቀጥ ብለህ ተቀመጥና ከመቀመጫው እስከ ትከሻህ ያለውን፣ ከዚያ የትከሻህን ስፋት ለካ። ጓደኛህ ይለካህ፤ ራስህን ስትለካ ትጎብጣለህ። ቀዩን ቆዳ ወይስ ጥቁሩን እንደምትፈልግም ንገረኝ። ጥቁሩ ይረክሳል፣ ቀዩ ደግሞ ከሰው ትእዛዝ የተረፈ ስለሆነ ለአንድ ወንበር ብቻ ነው የሚበቃው።

ልኩን እስከ እሑድ ላክልኝ።

እናትህ