ሐሙስ ሐሙስ የሚደርሰው መዝሙር

ሰላም ነው ወንድሜ? እንዴት ከረምክ ልልህ ነበር ግን ስንት ክረምት እንደሆነ እኔም ጠፍቶብኛል። ጅማ ያው ናት፣ ዝናቡ ከያዘ አይለቅም፣ ፈረንጅ አራዳ ባለፍኩ ቁጥር አንተና እኔ ያንን ዲያቆን የዶርም ልጅ «እግዚአብሔር ካለ ማስረጃ አምጣ» እያልን የምናስጨንቀው ትዝ ይለኛል።

እና አሁን እኔ አምኛለሁ። ማለቴ ማተቡም ጾሙም ድሮም ነበረ፣ ስለሱ አይደለም የማወራው። አለ ነው የምልህ፣ እዚሁ ቤት ውስጥ።

እማዬ ዓይኗን ሞራ ጋረዳትና ዳዊቷን ማንበብ አቃታት፣ እሷ ደግሞ ዳዊት ሳትደግም ቡና አትቀምስም፣ ስለዚህ አንባቢው እኔ ሆንኩ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በአማርኛው ነው፣ ግዕዙን እንኳን ተወው። መጀመሪያ በናትህ እንደ ሬዲዮ ዜና ነበር የማንበለብለው፣ ቶሎ ጨርሼ ሥራ ልሂድ ብዬ።

ሐሙስ ላይ 87ኛው ይደርሳል፣ አንተ ጋ ባለው መጽሐፍ ቅዱስ 88 ነው። ሌሎቹ አብዛኞቹ አልቅሰው አልቅሰው መጨረሻ ላይ ቀና ይላሉ፣ ይሄ ግን ወዳጆቼን አራቅህብኝ ብሎ ያበቃል፣ አለቀ፣ ማጽናኛ የለውም። ያን ሰሞን የአባዬ ሞት አልወጣልኝም ነበር (ሰምተሃል መሰለኝ)። እና ምን ገረመኝ መሰለህ፣ ሰውየው መልስ አላገኘም ግን ማውራቱን አላቆመም፣ እዛ የሌለን ሰው ማን እንደዛ ይወቅሳል? ተጣልቷል ግን ጥሎ አልሄደም። ቀና ስል እማዬን እንቅልፍ ወስዷታል። ለማን ነው የማነበው? ግን አላቆምኩም፣ የሚሰማኝ እንዳለ አወቅኩ፣ በቃ። ብርሃን የለ፣ ድምፅ የለ፣ ሕልም የለ። ኤልያስም በነፋሱም በእሳቱም አላገኘውም አይደል።

ሐዘን ነው፣ ስሜት ነው ትለኛለህ፣ እኔም ብያለሁ። ስሜቱማ በሳምንቱ ጠፋ እኮ! ደረቅ ብዬ ነው ያነበብኩት፣ እንዳለ ማወቄ ግን አልጠፋም፣ ይሄን ነው ማስረዳት የሚያቅተኝ። ማስረጃ አምጣ ካልከኝ ዛሬም ባዶ እጄን ነኝ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ስነግራት ምንም አልደነቃትም፣ «ታዲያ የት ይሄዳል?» ብላ ቡናዋን መቅዳት ቀጠለች፣ እኔ ደግሞ ትልቅ ዜና የያዝኩ መስሎኝ።

እማዬ ኦፕሬሽን ተሠርታ አሁን ታያለች፣ ተመስገን። ዳዊቷን ግን አልመለስኩላትም፣ በትልልቅ ፊደል የታተመ ሌላ ገዛሁላት።

አንተስ? አሁንም እንደዛው ነህ? ደውልና እንከራከር ናፍቆኛል፣ ብቻ መጀመሪያ ያንን መዝሙር አንብበው፣ ቁጥሩን እንዳትሳሳት።